አሻራ ከማኖር በፊት

በሳዑዲ ጂዛን ክልል ባለችው ዳማድ ከተማ ውስጥ፣ ወይም ከዳማድ ወደ ሳብያና ወደ አቡ ዐሪሽ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ባሉት እርሻዎች ለዓመታት የሠራ ሰው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ አንድ ወረቀት ይቀርብለታል። በዐረብኛ የተጻፈ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ነው። ሙኻለሳ ይሉታል። ይዘቱ ባጭሩ፦ ደመወዜን፣ የአገልግሎት ክፍያዬንና የዕረፍት ገንዘቤን አሟልቼ ተረክቤአለሁ፤ ከእንግዲህ በአሠሪዬ ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ነው። ትኬቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የቀለሙ ስፖንጅ ተከፍቷል። አሠሪው ቸኩሏል፤ ሠራተኛውም እናቱን ለማየት ቸኩሏል። አውራ ጣቱን ነክሮ ያኖራል። የስምንት ወር ደመወዝ እዚያች የጣት ምልክት ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ ችሎት ቆሞ መከራከር ነው። ከሳዑዲ የተመለሱ ወንድሞችና እህቶች ጉዳይ በእጄ አልፏል፤ ከወሎ፣ ከራያ፣ ከጅማ የሄዱ፣ በኮንትራትም በባሕርም የገቡ። አብዛኛው ሰው ወደ ጠበቃ የሚመጣው እውነት ይዞ ነው። የሚጎድለው እውነቱን የሚያሳይለት ነገር ነው። ዳኛው እርሻው ላይ አልነበረም፤ ፍየል ስትጠብቁ፣ ማንጎ ስትለቅሙ፣ ሌሊት ለሕፃን ስትነሡ አላያችሁም። ስለዚህ የክርክር ዝግጅት የሚጀመረው ገና ሰላም ሳለ፣ አሠሪው እየሳቀ ደመወዝ በቀኑ በሚከፍልበት ጊዜ ነው።

በሳዑዲ ፍርድ ቤቶች አንድ የቆየ የሸሪዓ መርሕ ይሠራል፤ ማስረጃ በከሳሹ ላይ ነው፣ መሐላ በካደው ላይ ነው። እዚህ ቤት ሠርቻለሁ፣ ደመወዜም ይህን ያህል ነበር የሚለውን ማሳየት የእናንተ ፋንታ ነው። አሠሪው “ይህን ሰው አላውቀውም” ብሎ ቢክድና እጃችሁ ባዶ ቢሆን፣ የሚቀራችሁ ይማልልኝ ማለት ብቻ ነው። ከማለ አበቃ። አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

መልካሙ ዜና፣ ጽሑፍ ማለት ዛሬ የተማኅተመ ወረቀት ብቻ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የማስረጃ ሕግ የስልክ መልእክትንና ሌላውንም ዲጂታል ማስረጃ በግልጽ ይቀበላል። ደመወዝ በእጅ ከተሰጣችሁ በዚያው ቀን በዋትሳፕ አጭር መልእክት ላኩ፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የየትኛው ወር እንደሆነ ጽፋችሁ አመስግኑ። ካልተሰጣችሁም በትሕትና ጠይቁ። “ጌታዬ፣ የሁለት ወር ደመወዝ 2,400 ሪያል አልደረሰኝም፣ ቤተሰቤ እየጠበቀ ነው” ብላችሁ ስትጽፉ፣ “ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር” የሚል መልስ ከመጣ ያ መልስ የዕዳ እምነት ነው። በድምፅ ቢልከውም ያው ነው። ብዙ ልጆች ግን ስልካቸው ሲሞላ መጀመሪያ የሚያጠፉት እሱን ነው። ፎቶና ዘፈን አጥፉ፤ የአሠሪን ድምፅ አታጥፉ። አንድ ቅጂም አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት ላኩ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ በተርሒል (በማባረሪያው እስር ቤት) ይወሰዳል።

ደብተር የምትይዙ ደግሞ የቀኑን ነገር ልብ በሉ። የእርሻ ሠራተኞቻችን ብዙውን ጊዜ “የጥቅምት ተቀበልኩ፣ የኅዳር አልተቀበልኩም” ብለው ይጽፋሉ። የአሠሪው ሒሳብ በሒጅራ ወይም በፈረንጅ ወር ነው። የሒጅራው ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው፤ የኛው ጳጉሜን ጨምሮ 365። ሁለት ዓመት ሲያልፍ የሁለቱ ልዩነት ከሦስት ሳምንት ይበልጣል፤ በክርክሩም የሠራተኛው ደብተር ከወረቀቱ ጋር አልገጥም ይላል። ዳኛው ከተጠራጠረ የሚጎዳው ደብተሩ ነው። ስልኩ የሚያሳየውን ቀን በቁጥር ጻፉ፤ ከፈለጋችሁ የኛን ከጎኑ አስቀምጡ።

ቀጥሎ የትኛው ሕግ እናንተን እንደሚያይ እወቁ፤ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ሕግ አይተዳደርምና። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ በሱቅ፣ በሕንፃ ሥራ፣ በድርጅት ያለውን ያካትታል። በእርሻና በግጦሽ ላይ ያለውን የሚያካትተው ድርጅቱ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ሲኖረው ነው። የቤት ሠራተኛ ከዚህ ሕግ ውጭ ሆና የራሷ ደንብ አላት፤ በ2024 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ሙሳነድ በተባለው የመንግሥት የሠራተኛ ቅጥር መድረክ በኩል በባንክ እንዲከፈል የሚያስገድደው አሠራርም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መጥቷል። እህቴ፣ “በእጅሽ ልስጥሽ፣ ባንክ ምን ያደርግልሻል” ቢሉሽ፣ በባንክ ይሁንልኝ በይ። የባንክ መዝገብ ያንቺ ምስክር ነው፤ አይፈራም፣ አይረሳም። ፓስፖርት መያዝም ለማንም አሠሪ የተከለከለ ነው።

የአገልግሎት ክፍያን ብዙ ሰው ስጦታ ይመስለዋል፤ መብት ነው። በሠራተኛ ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰባል። 1,000 ሪያል እያገኘ ስድስት ዓመት የሠራና አሠሪው ውሉን ያቋረጠበት ሰው 3,500 ሪያል አለው። በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ላገለገለ ሁለት ሦስተኛው፣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላገለገለ አንድ ሦስተኛው ይሰጠዋል። ለቤት ሠራተኛ አራት ዓመት ስትሞላ የአንድ ወር ደመወዝ ነው። ሒሳቡን ከመነሻችሁ ቀን በፊት ሥሩ፤ ሻንጣ በታሰረበት ምሽት ማንም በትክክል አይደምርም።

ወደ ሙኻለሳው ልመለስ። የሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 8፣ ውሉ ጸንቶ ባለበት ጊዜ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም ያ መተው ዋጋ የለውም ይላል። ይህ ጥሩ ጋሻ ነው፤ ግን “ተቀብያለሁ” የሚለው ቃል ከመተው የተለየ ነው። ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝን ማፍረስ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። ወረቀቱ ሲቀርብ መጀመሪያ ፎቶ አንሡት። ስልካችሁ ላይ ያለው መተርጎሚያ ፍጹም ባይሆንም ዋናውን ሐሳብ ይነግራችኋል። ያልተከፈላችሁ ካለ ከአሻራችሁ አጠገብ በገዛ እጃችሁ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ “የስምንት ወር ደመወዝ አልተቀበልኩም” ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ይህን ከከለከላችሁና ሳትወዱ ከፈረማችሁ፣ በዚያው ሰዓት ምን እንደተደረገ ለአሠሪው በዋትሳፕ ጻፉለት፤ ለቆንስላውም አሳውቁ። ከወር በኋላ “ተገድጄ ነው” ከሚል ሰው ይልቅ በዚያው ቀን የጮኸ ሰው ይታመናል።

አቤቱታው የት ይጀምራል? የሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። ጉዳዩ መጀመሪያ የሚያልፈው ተስዊያ ወዲያ በሚሉት የማስማማት ደረጃ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ ካልተስማማችሁ ወደ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ይመራል። እነዚህ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ናቸው፤ ብዙ ችሎቶችም በስልክና በኮምፒውተር ይካሄዳሉ፤ ሠራተኛ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። በሠራተኛ ሕጉ የይገባኛል ጥያቄ የሥራ ግንኙነቱ ካበቃ ከ12 ወር በኋላ አይሰማም። አቤቱታ ሳያቀርቡ ከቤት ጠፍቶ መውጣት የሚያመጣውን ታውቃላችሁ፤ ሁሩብ፣ ማለትም ከሥራ ጠፍቷል ተብሎ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወዲያ እናንተው ተፈላጊ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው አሠሪ የመቀየር ነፃነትም የቤት ሠራተኛን፣ እረኛን፣ ገበሬን፣ አትክልተኛንና የቤት ሾፌርን አላካተተም። ስለዚህ “ሕጉ ተቀይሯል፣ ውጡ” የሚላችሁን ሰው አትስሙት። አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። የምትደበደብ፣ የምትደፈር፣ ምግብ የተከለከለች እህት ወረቀት እስክታዘጋጅ መቆየት የለባትም። መጀመሪያ ነፍሷን ይዛ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሆስፒታል ትውጣ፤ ስለ ወረቀቱ በኋላ ይታሰባል።

እዚህ ላይ በችሎት ሕይወቴ ብዙ ያሳዘነኝን ነገር ልናገር። ደመወዝ የተከለከለች የቤት ሠራተኛ በምትወጣበት ቀን የመዳሟን የወርቅ ቀለበት “በደመወዜ ፈንታ” ብላ ትይዛለች። ስሜቱን እረዳለሁ። ላቧን የበላ ሰው ቤት ውስጥ ወርቅ ተቀምጦ እሷ ባዶ እጇን መሄዷ ያንገበግባል። ቀለበቷ ከቤት በወጣች ደቂቃ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሳሽ የነበረችው ተከሳሽ ትሆናለች። ስለ ደመወዙ የሚጠይቅ ቀርቶ ስለ ስርቆት የሚጠይቅ ይመጣል፤ ስርቆት ደግሞ በሸሪዓ ፍርድ ከከባዱ ወንጀል የሚቆጠር ነው። ሕጉ ብቻም አይደለም። ያ ቀለበት እጇ ላይ እስካለ ድረስ እሷ ራሷ “በደል ደርሶብኛል” ስትል ድምፅዋ ይሰበራል። አማርኛ “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች” ይላል። ይህ ለእናንተ ብቻ የተባለ አይደለም፤ ያለ ፍርድ የምንወስደው የሌላው ሰው ጭብጦም በዚያው ሚዛን ይለካል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ፈተና አለ። ስምንት ወር ያልተከፈለው ሰው “አሥራ ሁለት እንበል፣ ሲደራደሩ ይቀንሱታል” የሚል ምክር ከጓደኛ ይሰማል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ስምንት ከሆነ ስምንት በሉ። ተከሳሹ ከጨመራችኋቸው አራት ወራት የአንዱን የባንክ ማስረጃ ካቀረበ፣ ዳኛው የቀሩትንም ማመን ይተዋል፤ ልክም ነው። የሐሰት ምስክርም እንዲሁ ነው። ዳማድ ላይ ሰው ሲጣላ፣ “አንተ ያገሬ ልጅ፣ አየሁ በልልኝ” ይባላል። የወንዝ ልጅነት ክቡር ነገር ነው፤ ግን ያላየኸውን አይቻለሁ ማለት ወገንህን አያድነውም። ጥሩ ጠያቂ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ የት ቆመህ ነበር፣ ምን ሰዓት ነበር፣ ማን ከጎንህ ነበር። ሐሰት ከሦስተኛው አያልፍም፤ ወድቆም ብቻውን አይወድቅም፣ እውነተኛውን ምስክር ይዞት ይወድቃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሐሰት መመስከርን ከትልቅ ኃጢአት የሚቆጥሩት በከንቱ አይደለም።

ስማችሁን ለሌላ ሰው አታውሱ። ኢቃማችሁን (የመኖሪያ ፈቃዳችሁን) አሳይቶ ሲም የሚያወጣ፣ በባንክ ሒሳባችሁ “ለአንድ ቀን ብቻ” ገንዘብ የሚያስገባ፣ በተከራያችሁት መኪና ዕቃ የሚልክ ሁሉ ወንጀል ከሠራ መጀመሪያ የሚጠራው እናንተን ነው። በተለይ ጂዛን ድንበር ነው። የሳዑዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በየሳምንቱ መግለጫው ይደጋግመዋል፦ ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ያስገባ፣ ያጓጓዘ፣ ያስጠለለ ወይም በማናቸውም መንገድ የረዳ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1,000,000 ሪያል መቀጮ ያገኘዋል፤ መኪናውና ቤቱም ይወረሳል። “ከተራራው ሥር ሦስት ልጆች አሉ፣ እስከ ሳብያ አድርስልኝ፣ 500 ሪያል” የሚላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ ይህን ነው። የተራበ ወገን በር ሲያንኳኳ ልብ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ይህ ለጠበቃም ቀላል ጥያቄ አይደለም። የቆሰለ ወይም የታመመ ከሆነ 997 የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ነው፤ ደውሉ። በነፍስ ላይ ንግድ ግን አትነግዱ፤ በገንዘብ ያደረሰው ሰው ደላላ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ዘመድ በዚያ መንገድ እንዲመጣም አትጥሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ጽፏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። በዚሁ መንገድ ከሚመጡት መካከል ከሸክማቸው ጋር ሐሺሽ የተሰጣቸውም አሉ፤ “ቦርሳውን ብቻ አድርስ” ተብለው። ሳዑዲ በዕፅ ወንጀል የሞት ቅጣት መፈጸምን በኅዳር 2022 ዳግም ጀምራለች፤ ከተገደሉትም ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉ። ጫትም በዚያ አገር የተከለከለ ነው፤ እኛ ዘንድ ገበያ ላይ የሚሸጥ መሆኑ እዚያ መከላከያ አይሆንም።

በየመን ታግቶ ቤተሰቡ ገንዘብ የከፈለ ሰው ደግሞ አንድ ውድ ነገር አለው፤ የባንክ ስሊፑ። ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ባለቤት ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ፣ በሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር አዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት ምርመራ ሊጀመርበት ይችላል። እናቶች ስሊፑን የሚጥሉት ልጁ ስለተለቀቀ ነው። አትጣሉት።

በኮንትራት ለሄዳችሁ፣ የላካችሁ ኤጀንሲ ኃላፊነቱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አያበቃም። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲው ለውሉ መጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነው፤ ለዚሁም የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል። የቪዛና የጉዞ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ከሠራተኛው የሚወጣው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የሰነድ ማረጋገጫ ያለው ነው። ስለዚህ ለኤጀንሲው የከፈላችሁትን ሁሉ፣ የውሉን ቅጂ ጭምር፣ ቤተሰብ ጋ አስቀምጡ።

ፎቶ ስታነሡ ወረቀትን አንሡ፤ ሰውን አታንሡ። መዳሟ ስትጮህባችሁ በድብቅ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ ማውጣት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የሳዑዲ የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር ነው፤ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ አለው።

ከተያዛችሁ ጨዋነት አይለያችሁ፤ ግን ያልገባችሁን አትፈርሙ። ዐረብኛችሁ የገበያ ዐረብኛ ከሆነ “እችላለሁ” አትበሉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። የሠፈር ዐረብኛ ፍየል ለመጠበቅ ይበቃል፣ “በሌሊት ገባሁ” እና “በሌሊት ሰብሬ ገባሁ” የሚሉትን ለመለየት አይበቃም። የሰጣችሁት ቃል በዚያ ፍርድ ቤት ትልቅ ክብደት አለው። ጠበቃ የመያዝ መብት አላችሁ፤ በከባድ ወንጀል አቅም ከሌላችሁ ፍርድ ቤቱ እንዲመድብላችሁ ጠይቁ። ፍርድ ከተሰጠ የፍርዱን ግልባጭ በተቀበላችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ያለው ጅዳ ነው፤ ከጂዛን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአካል መድረስ ስለማይቻል ቤተሰብ አገር ቤት ሆኖ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማመልከቱ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል።

ጉዳይ ገዳዮችን ተጠንቀቁ። “ዳኛውን አውቃለሁ፣ 3,000 ሪያል አምጣ” የሚል ሰው ዳኛውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የናንተን ጭንቀት ነው። እውነተኛ ጠበቃ “እናሸንፋለን” ብሎ ቃል አይሰጥም፤ ምን እንዳላችሁና ምን እንደጎደላችሁ ይነግራችኋል፤ ለተቀበለው ገንዘብ ደረሰኝ ይሰጣል። ሠራተኛው ራሱ ያለ ጠበቃ አቤቱታ ማቅረብ በሚችልበት የደመወዝ ጉዳይ ላይ የወር ደመወዙን የሚጠይቅ ካለ ትታችሁት ሂዱ።

አስቀድማችሁ አገር ቤት የገባችሁ ካላችሁም በሩ አልተዘጋም። ዳማድ ወይም ጂዛን ውስጥ ለምታምኑት ሰው ወይም ለጠበቃ በውል አዋዋይ ዘንድ የተዘጋጀ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሳዑዲ ኤምባሲ የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣን መስጠት ይቻላል። ውክልናው ላይ የአሠሪው ሙሉ ስም፣ የኢቃማችሁ ቁጥር፣ ሥራ የጀመራችሁበትና ያቆማችሁበት ቀን፣ የምትጠይቁት ገንዘብ በቁጥር ይግባ፤ ወኪሉ መታረቅና ገንዘብ መቀበል ይችል እንደሆነም በግልጽ ይጻፍ። ማረጋገጫው ሳምንታት ይፈጃል፤ 12 ወሩ ደግሞ የሚቆጠረው ሥራችሁ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ነው፣ አውሮፕላን ከተሳፈራችሁበት ቀን አይደለም።